«ሃቭ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግስ የሚፈታው ቀጥሎት የሚመጣው ቃል ነው

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «‹ሃቭ› የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ‹አለኝ› ማለት እንደሆነ ተምሬ ነበር። ስጽፍ ግን በዚሁ ግስ ምክንያት ደጋግሜ እታረማለሁ። ‹አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ› ብዬ የጻፍኩትም፣ ‹ማይ ብራዘር ሃቭ ስሪ ችልድረን› ብዬ የጻፍኩትም ስህተት ነው ተባልኩ። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ‹ሃድ ሃድ› የሚል ድግግሞሽ አይቼ የኅትመት ግድፈት መሰለኝ። ለመሆኑ ይህ ግስ ስንት ትርጉም ነው ያለው?»

ለዚህ ጥያቄ ቁጥር መልስ ሊሆን አይችልም። ሰፋ ያሉ የእንግሊዝኛ መዛግብተ ቃላት በዚህ ግስ ሥር የሚደረድሯቸው ፍቺዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም በቃሉ ለመያዝ የሚሞክር ተማሪም ጊዜውን ይጨርሳል እንጂ አንድ ዓረፍተ ነገር አስተካክሎ ለመጻፍ አይረዳውም። ከዚህ ይልቅ የሚጠቅመው ግሱን ብቻውን መመልከት ትቶ ቀጥሎት የሚመጣውን ማየት ነው። ከ«ሃቭ» ቀጥሎ ስም ከመጣ ግሱ ዋና ግስ ነው፤ የአንድ ነገር ባለቤት መሆንን ወይም አንድን ድርጊት ይናገራል። የሌላ ግስ ሦስተኛ ቅርጽ፣ ማለትም በትምህርት ቤት «ቨርብ ስሪ» እየተባለ የሚጠራው ከመጣ ግን «ሃቭ» የራሱን ትርጉም ለቆ ረዳት ግስ ሆኗል ማለት ነው። «ቱ» እና ግስ ከተከተሉት ግዴታን ይገልጻል። መጀመሪያ ስም፣ ከዚያ ሦስተኛ ቅርጽ ከተከታተሉ ደግሞ አንድን ሥራ በሌላ ሰው ማሠራትን ወይም በባለቤቱ ላይ የደረሰን ነገር ይናገራል። እርስዎ ያነሷቸው ችግሮች ሁሉ በእነዚህ አቀማመጦች የሚፈቱ ስለሆኑ በየተራ እሄድባቸዋለሁ።

ስለ ወንድምዎ ከጻፉት ልጀምር። ስህተቱ ከግድየለሽነት የመጣ አይደለም፤ የአማርኛን ሕግ በታማኝነት ጠብቀው ወደ እንግሊዝኛ ስለወሰዱት የመጣ ነው። በአማርኛ «ወንድሜ ሦስት ልጆች አሉት» ስንል ግሱ የሚስማማው ከልጆቹ ጋር እንጂ ከወንድምየው ጋር አይደለም፤ «አሉ» የተባሉት ልጆቹ ናቸው፣ ወንድምየው በመጨረሻዋ «ት» ብቻ ተጠቁሟል። ልጁ አንድ ወንድ ቢሆን «አለው»፣ አንዲት ሴት ብትሆን «አለችው» እንላለን፤ ወንድምየው ያው ሆኖ ሳለ ግሱ በተያዘው ነገር ቁጥርና ጾታ ይለዋወጣል። እንግሊዝኛ ነገሩን ገልብጦ ያያል። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ወንድምየው ነው፤ እርሱም ነጠላ ሦስተኛ መደብ ስለሆነ ልጆቹ አንድም ይሁኑ መቶ ግሱ ሁልጊዜ «ሃዝ» ይሆናል፦ «ማይ ብራዘር ሃዝ ስሪ ችልድረን»። በተቃራኒው ብዙ ወንድሞች በጋራ አንድ መኪና ቢኖራቸው መኪናው አንድ ስለሆነ ተብሎ «ሃዝ» አይባልም፤ «ማይ ብራዘርስ ሃቭ ኤ ካር» ነው የሚባለው። በጻፉ ቁጥር «ያለው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ «ያለው ነገር ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ለግሱ ቅርጽ አንዳች ፋይዳ የለውም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ጥንቃቄ አለ። «ሃዝ» የሚመጣው ግሱ ያለረዳት ሲቆም ወይም ራሱ የመጀመሪያው ረዳት ግስ ሲሆን ብቻ ነው። ከፊቱ «ዳዝ»፣ «ካን»፣ «ዊል»፣ «ሜይ» ወይም «ሹድ» ከቀደመ ወደ «ሃቭ» ይመለሳል። ስለዚህ «ሺ ደዝንት ሃዝ ኤ ካር» ስህተት ነው፤ የሦስተኛ መደብ ምልክቱን «ዳዝ» አስቀድሞ ስለወሰደው ሁለት ጊዜ አይጻፍም። «ሺ ደዝንት ሃቭ ኤ ካር» ይባላል። ጥያቄም እንዲሁ ነው፦ «ዳዝ ሺ ሃቭ ኤ ካር?»። በቆየ የብሪታንያ እንግሊዝኛ «ሃቭ ዩ ኤ ፔን?» ተብሎ ያለ «ዱ» ሲጠየቅ ያገኙ ይሆናል፤ ትክክል ነው፣ ዛሬ ግን የሚናገረው ሰው እያነሰ ስለመጣ ለጽሑፍዎ አልመክረውም። በንግግር እጅግ የተለመደው «አይ ሃቭ ጎት ኤ ካር» የሚለው አነጋገር ደግሞ «አለኝ» ከማለት በቀር ሌላ ነገር አይጨምርም፤ በመደበኛ ጽሑፍ «ሃቭ» ብቻውን ይበቃል። ልብ ሊባል የሚገባው አሜሪካውያን «አይቭ ጎት» ሲሉ «አለኝ»፣ «አይቭ ጎትን» ሲሉ ደግሞ «አግኝቻለሁ» ማለታቸው እንደሆነ ነው።

«አይ አም ሃቪንግ ኤ ካር» የሚል ዓረፍተ ነገርም በተማሪዎች ጽሑፍ ውስጥ አዘውትሮ ይታያል። «ሃቭ» ባለቤትነትን ሲናገር በሂደት ላይ ያለ ድርጊት ስላልሆነ የ«ኢንግ» ቅርጽ አይቀበልም። ነገር ግን ቀጥሎ የሚመጣው ስም ራሱ ድርጊት ወይም ሁነት ከሆነ «ሃቭ» ይንቀሳቀሳል፦ «ዌ አር ሃቪንግ ላንች» ምሳ እየበላን ነው ማለት ነው፣ «ዴይ አር ሃቪንግ ኤ ሚቲንግ» ስብሰባ ላይ ናቸው ማለት ነው፣ «ሺ ኢዝ ሃቪንግ ኤ ቤቢ» ሲባል ደግሞ እንደ አነጋገሩ እርጉዝ ናት ወይም እየወለደች ነው ማለት ነው። እንግዲህ እዚህም ላይ ቅርጹን የሚወስነው «ሃቭ» ራሱ ሳይሆን ተከታዩ ስም ነው።

ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገርዎ፣ ማለትም ወደ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ስንመጣ ጉዳዩ ጠለቅ ይላል፤ ብዙ ተማሪ የሚቸገረውም እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ አብራራዋለሁ። «አለኝ» የሚል ግስ እንዴት ያለፈን ድርጊት መናገሪያ ሊሆን እንደቻለ ሲረዱ ሕጉ በቀላሉ ይያዛል። ይህ ግስ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሃባን» ይባል ነበር፤ የጀርመንኛው «ሃበን» ወንድም ነው። ከላቲኑ «ሃቤሬ» ጋር በመልክም በትርጉምም ቢመሳሰልም ከአንድ ሥር የወጡ አይደሉም፤ የላቲን ዘመዱ መጨበጥን የሚናገረው «ካፔሬ» ነው። በዚያ ዘመን ሰዎች «የተጻፈ ደብዳቤ አለኝ» እንደማለት ያለ ነገር ይናገሩ ነበር፤ ማለትም ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል፣ አሁን በእጄ ነው። ይህ አነጋገር ቀስ በቀስ «ደብዳቤ ጽፌያለሁ» ወደሚል ትርጉም ተሻገረ፣ «ሃቭ»ም ረዳት ግስ ሆነ። ሆኖም የጥንቱ ትርጉም አሻራ አልጠፋም፤ ድርጊቱ ያለፈ ቢሆንም ውጤቱ አሁን በባለቤቱ ዘንድ አለ የሚል ስሜት እስከ ዛሬ ተሸክሟል።

አማርኛም በዚህ ረገድ ሩቅ አይደለም። «አይቻለሁ» የሚለው ቃል «አይቼ» እና «አለሁ» ተጣምረው የፈጠሩት ነው፤ እንግሊዝኛ «ሃቭ»ን እንደተጠቀመ ሁሉ እኛም «አለ»ን ያለፈውን ከአሁን ጋር ለማሰር ተጠቅመንበታል። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ቋንቋዎች እስከ አንድ ቦታ አብረው ሄደው ከዚያ ስለሚለያዩ ነው። በአማርኛ «ትናንት አይቼዋለሁ» ብንል ማንም አይደናገጥም። «ሃቭ»ን ከሦስተኛ ቅርጽ ጋር የሚያጣምረው የእንግሊዝኛው «ፕረዘንት ፐርፌክት» ግን ስሙ እንደሚያመለክተው የአሁን ጊዜ ወገን ስለሆነ፣ ያለቀ የተዘጋ ጊዜን ከሚጠሩ ቃላት ጋር አይስማማም። «የስተርዴይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ቱ ዴይስ አጎ»፣ «ኢን 2015» የመሳሰሉት ሁሉ ያለፈውን ከአሁን ቆርጠው የሚለዩ ስለሆኑ ሲምፕል ፓስት የሚባለውን፣ ያለ «ሃቭ» የሚቆመውን ያለፈ ጊዜ ቅርጽ ይጠይቃሉ፦ «አይ ሶ ሂም የስተርዴይ»። በዚሁ ምክንያት «ዌን» ብሎ መቼነትን መጠየቅም ከ«ሃቭ» ጋር አይሄድም፤ «ዌን ዲድ ዩ ሲ ሂም?» እንጂ «ዌን ሃቭ ዩ ሲን ሂም?» አይባልም። ገና ያላለቀ ጊዜ ግን በደንብ ይስማማዋል፤ «ቱዴይ» ወይም «ዚስ ዊክ» ሲባል ቀኑም ሳምንቱም እየሄደ ስለሆነ «አይ ሃቭ ሲን ሂም ቱዴይ» ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ነው።

የጊዜ ቃል በሌለበትም ቢሆን ልዩነቱ ይቀጥላል። «አይ ሃቭ ሎስት ማይ ኪ» ሲባል ሰሚው ቁልፉ እስካሁን እንዳልተገኘ ይረዳል፤ «ቁልፌ ጠፍቶብኛል» እንደምንለው ነው። «አይ ሎስት ማይ ኪ» ግን መጥፋቱን ብቻ ይተርካል፤ ኋላ ተገኝቶ ሊሆን ይችላል። ታሪክ ሲነገርም እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ብዙ ጊዜ ወሬውን በ«ሃቭ» ያበስሩና ዝርዝሩን በሲምፕል ፓስት ይቀጥላሉ። እዚህ ላይ የአሜሪካና የብሪታንያ አነጋገር ይለያያል፤ እንግሊዛዊ «ሃቭ ዩ ኢትን የት?» በሚልበት ቦታ አሜሪካዊ «ዲድ ዩ ኢት የት?» ቢል አይነቀፍም። «የስተርዴይ»ን ከ«ሃቭ» ጋር አለማጣመር ግን የሁለቱም ሕግ ነው።

ሌላው አማርኛ ተናጋሪን የሚያሳስተው ከተወሰነ ጊዜ ጀምሮ እስካሁን የቀጠለ ነገር ነው። እኛ «ከ2015 ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ» ማለት ስለምንችል «አይ ሊቭ ሂር ሲንስ 2015» ብለን እንጽፋለን። እንግሊዝኛ ይህን አይቀበልም፤ መነሻው ኋላ ስላለ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ሲንስ 2015» ይላል። «ሲንስ» የመነሻውን ነጥብ፣ «ፎር» ደግሞ የቆይታውን ርዝመት ይቀበላል። «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ያለ ሰው አሁንም እዚያው ይኖራል፤ «አይ ሊቭድ ሂር ፎር ፋይቭ ይርስ» ያለው ግን ኑሮውን ጨርሷል፣ አንድ «ሃቭ» መጉደሏ ሰውየውን ከቤቱ አስወጥታዋለች።

«ጎን» እና «ቢን» የሚሉትንም መለየት ያስፈልጋል። «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ለንደን» ማለት ለንደን ሄዷል፣ እዚህ የለም ማለት ነው። «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ለንደን» ግን ሄዶ ያውቃል ማለት ነው፤ አሁን ተመልሷል። አማርኛ ለዚህ «ያውቃል» የሚል የራሱ መንገድ ስላለው ይህን ማስታወስ ያግዛል፦ በአማርኛ «አይተህ ታውቃለህ?»፣ «በልታ ታውቃለች?» የሚያሰኝ ጥያቄ ሁሉ በእንግሊዝኛ «ሃቭ ዩ ኤቨር» ወይም «ሃዝ ሺ ኤቨር» ብሎ ይጀምራል። በጥንቱ እንግሊዝኛ የመሄድ፣ የመምጣትና የመነሣት ግሦች በ«ሃቭ» ፋንታ «ኢዝ»ን እንደ ረዳት ይወስዱ እንደነበርም ማወቅ አይከፋም፤ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለ ትንሣኤ «ሂ ኢዝ ሪዝን» የሚለው የዚያ ቅሪት ነው። የዛሬ ጽሑፍ «ሂ ሃዝ ሪዝን» ይላል።

ግዴታን በሚናገረው «ሃቭ ቱ» ላይ አማርኛ ይረዳንና መልሶ ያሳስተናል። «አለኝ» ላይ «ብ» ስትገባ «አለብኝ» እንደሚሆን ሁሉ፣ «ሃቭ» ላይ «ቱ» ሲጨመር «መሄድ አለብኝ» የሚለው «አይ ሃቭ ቱ ጎ» ይሆናል። እስከዚህ መልካም ነው። አደጋው በአሉታው ላይ ነው። በአማርኛ «መናገር የለብህም» ስንል ብዙ ጊዜ «አትናገር» ማለታችን ነው። «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ስፒክ» ግን «ካልፈለግህ አትናገር፣ አትገደድም» ማለት ነው። ክልከላ ከተፈለገ «ዩ መስንት ስፒክ» መባል አለበት። ይህን ስህተት ከሌሎቹ ሁሉ አብልጬ አስጠነቅቃለሁ፤ የሰዋስው ስህተት የሌለበት ዓረፍተ ነገር ስለሆነ ሰሚው አያርመዎትም፣ የተከለከለውን ነገር እንደተፈቀደ ቆጥሮ ይሄዳል እንጂ። መድኃኒትን ወይም የሥራ ደኅንነትን የሚመለከት መመሪያ ሲጻፍ ይህ ልዩነት ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ያለፈው ግዴታም የራሱ ወጥመድ አለው። «መሄድ ነበረብኝ» የሚለው አማርኛ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ግድ ሆኖብኝ ሄድኩ፣ ወይም መሄድ ሲገባኝ ሳልሄድ ቀረሁ። እንግሊዝኛ ሁለቱን ለያይቶ ይናገራል። ግድ ሆኖብዎት ከሄዱ «አይ ሃድ ቱ ጎ»፤ ሳይሄዱ ቀርተው ከሆነ «አይ ሹድ ሃቭ ጎን»። «ሄዶ መሆን አለበት» ብለን የምንገምተው ደግሞ «ሂ መስት ሃቭ ጎን» ይባላል። በእነዚህ በኋለኞቹ ውስጥ «ሃቭ» በንግግር ተውጦ «ኦቭ» ተብሎ ስለሚሰማ፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑ ሰዎች እንኳ «ሹድ ኦቭ» እያሉ ሲጽፉ ይታያሉ። አይከተሏቸው፤ ጽሑፉ ሁልጊዜ «ሹድ ሃቭ» ነው። «ዩ ሃድ ቤተር ጎ» የሚለው አነጋገር ግን ለብቻው መያዝ አለበት፤ «ሃድ» ይኑርበት እንጂ ያለፈ ጊዜ አይደለም፣ «ብትሄድ ይሻልሃል» ማለት ነው፣ ቀጥሎም «ቱ» የሌለው ግስ ይወስዳል።

ስምና ሦስተኛ ቅርጽ የሚከተሉበትን አቀማመጥ አማርኛ ተናጋሪ በቀላሉ መረዳት ይችላል፤ ሆኖም ሲጽፍበት ብዙ አይታይም። «አይ ፔንትድ ማይ ሃውስ» ካሉ ብሩሹን የያዙት እርስዎ ነዎት። ቀለም ቀቢ ቀጥረው ከሆነ፣ በአማርኛ «አስቀባሁ» እንደምንለው፣ «አይ ሃድ ማይ ሃውስ ፔንትድ» ይባላል። ይኸው አቀማመጥ ሳንፈልግ የደረሰብንንም ነገር ይናገራል፤ «ሂ ሃድ ሂዝ ፎን ስቶልን» ማለት ስልኩ ተሰረቀበት ማለት እንጂ አሰረቀ ማለት አይደለም። ማሠራት ይሁን መጎዳት የሚለየው በነገሩ ጠባይ ነው። የቃላቱን ቅደም ተከተል ግን በጥብቅ ይጠብቁ፦ «አይ ሃድ ፔንትድ ማይ ሃውስ» ካሉ ሦስተኛው ቅርጽ «ሃድ»ን ተጠግቷልና «ቤቴን ቀብቼ ነበር» ወደሚል ተለውጧል።

የቀረው «ሃድ ሃድ» ነው። የኅትመት ግድፈት አይደለም። የመጀመሪያው «ሃድ» ረዳት ግስ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ሃቭ» ዋና ግስ ሲሆን የሚይዘው ሦስተኛ ቅርጽ ነው። አንድ ያለፈ ነገር ከሌላ ያለፈ ነገር ቀድሞ መሆኑን ለመናገር ሁለቱም ያስፈልጋሉ፦ «ሺ ሃድ ሃድ ዘ ካር ፎር ቴን ይርስ ቢፎር ሺ ሶልድ ኢት» ማለት መኪናዋን ከመሸጧ በፊት ለዐሥር ዓመት ነበራት ማለት ነው። ያልሆነን ነገር በምኞት ስንናገርም ይመጣል፤ «ጊዜ ኖሮኝ ቢሆን ኖሮ እመጣ ነበር» የሚለው «ኢፍ አይ ሃድ ሃድ ታይም፣ አይ ውድ ሃቭ ከም» ይሆናል። በንግግር የመጀመሪያው «ሃድ» ተቆርጦ «ሺድ ሃድ»፣ «አይድ ሃድ» ስለሚባል ድግግሞሹ ለጆሮ አይከብድም። በዚህ አኳኋን የተቆረጠ «ድ» ግን «ውድ»ም ሊሆን ስለሚችል፣ ሲያነቡ ቀጥሎ ሦስተኛ ቅርጽ ካዩ «ሃድ»፣ የግሱን መነሻ ቅርጽ ካዩ «ውድ» ብለው ይፍቱት፤ «አይድ ጎን» የመጀመሪያው ነው፣ «አይድ ጎ» ሁለተኛው።